ኤች አይ ቪ በከሚሴና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፦ ምርመራው፣ መከላከያውና ሕክምናው

በወሎ ምድር ኒካሕ ሊታሰር ቀን ሲቆረጥ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ወረቀቱስ?» ብሎ መጠየቁ እየተለመደ መጥቷል። ወረቀቱ የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤት ነው። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ የልጅቱን ቤተሰብ መስደብ ይመስል ነበር፤ ዛሬ አባትም ኢማምም ሳያፍሩ ያነሱታል። ለውጡ ትልቅ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ችግሩ የብዙ ሰው እውቀት እዚያችው ወረቀት ላይ መቆሙ ነው። ወረቀቱ የአንድ ቀን ውጤት ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ስለሚሆነው ነገር የሚናገረው የለም። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ከወረቀቱ አልፎ ምርመራው እንዴት እንደሚሠራ፣ መድኃኒቱ ምን እንደሚያደርግ፣ በእኛ አካባቢ አደጋው በየት በኩል እንደሚመጣና መስጂድና ቅሬ ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ ለማስረዳት ነው።

ለምን ከሚሴ?

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በቦርከና ሸለቆ፣ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የዞኑ ዋና ከተማ ናት። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ 457,278 ነበር፤ እጅግ አብዛኛው ሙስሊም ነው። ሕዝቡ ከተማ ውስጥ ተከማችቶ አይኖርም፤ በጅሌ ጥሙጋ፣ በአርጡማ ፉርሲ፣ በደዋ ጨፋ፣ በደዋ ሃረዋና በባቲ ወረዳዎች ገጠር ተበትኖ ያርሳል፣ ከብት ያረባል። የሚገናኘው በገበያ ነው። የሰንበቴ እሑድና የባቲ ሰኞ ገበያ ኦሮሞውን፣ አማራውን፣ አርጎባውንና አፋሩን አንድ ሜዳ ላይ ያውላሉ። ባቲ ደግሞ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወርደው፣ ከጅቡቲ ወደብ ጋር በሚያገናኘው መንገድ ላይ ናት። ሾፌር፣ ረዳት፣ ነጋዴ፣ የቀን ሠራተኛና ስደተኛ የሚያልፍበት ቦታ ነው።

ኤች አይ ቪ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተጓዘው እንዲህ ባሉ መንገዶች ነው። የቫይረሱ መኖር ማስረጃ የተገኘው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1978 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በዋና ዋና መንገዶች ላይ ባሉ 23 ከተሞች በሴተኛ አዳሪዎች ላይ በተደረገ ጥናት ከፍተኛው ቁጥር የተገኘው ከደሴ ነበር፤ ከተመረመሩት ሴቶች ከሦስቱ ከአንዷ በላይ ቫይረሱ በደሟ ተገኝቷል። ደሴ ለከሚሴ ሰው ሩቅ አገር አይደለችም፤ ሆስፒታሉም፣ ገበያውም፣ ትምህርቱም እዚያ ነበር። ያኔ መድኃኒት አልነበረም። በየቀበሌው «በከሳች ሕመም» ወይም «በሳንባ» የተቀበሩ ወጣቶች ነበሩ፤ ስማቸውን የሚያነሳ የለም።

ዛሬ ያለው ሁኔታ ከዚያ ዘመን በጣም ይለያል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሰዎች የቫይረሱ ስርጭት ከመቶ 0.9 ነበር፤ በከተማ 2.9፣ በገጠር 0.4። በ2010 ዓ.ም. በከተሞች ብቻ በተደረገው ሌላ ጥናት ደግሞ ከ15 እስከ 64 ዓመት ካሉት መካከል ከመቶ 3 ሰው ቫይረሱ በደሙ ተገኝቷል፤ ሴቶቹ 4.1፣ ወንዶቹ 1.9። አንባቢ ከነዚህ ቁጥሮች ሁለት ነገር ይያዝልን። አንደኛ፣ «ገጠር ነን፣ ሙስሊም ነን፣ እኛን አይነካም» የሚለው አባባል የሚቆመው ከተማና ገጠር እስካልተገናኙ ድረስ ነው። በየሳምንቱ የገበያ ቀን ደግሞ ይገናኛሉ። ሁለተኛ፣ ሴቶች ከወንዶች በእጥፍ የሚበልጥ ሸክም አለባቸው፤ ከነሱም ብዙዎቹ በትዳር ውስጥ ሆነው፣ ምንም ሳያጠፉ የተያዙ ናቸው። «ኤድስ የዚና ቅጣት ነው» ብሎ በሚንበር ላይ የሚናገር ሰው ፊት ለፊቱ ከመጋረጃው ጀርባ የተቀመጠችውን ንጽሕት ሚስት እንደሚያቆስል ሊያስብ ይገባል።

ምርመራው እንዴት ይሠራል?

ምርመራው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ነው። በከሚሴ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ በባቲ ሆስፒታልና በየወረዳው ባሉ ጤና ጣቢያዎች ይሰጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ደግሞ ቤት ለቤት ሲዞሩ ማን መመርመር እንዳለበት ይመክራሉ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ።

ሂደቱ ቀላል ነው። የምክር አገልግሎት ይሰጣል፣ ጣት ተወግቶ ጥቂት ጠብታ ደም ይወሰዳል፣ ውጤቱ በዚያው ቀን ይነገራል። የመጀመሪያው መመርመሪያ ቫይረሱን ካላሳየ ውጤቱ ነጻ ነው ተብሎ ይወሰዳል። ካሳየ ግን በዚያ ብቻ ማንም «አለብህ» አይባልም፤ በሌላ ዓይነት መመርመሪያ ይደገማል፣ አስፈላጊም ሲሆን በሦስተኛ ይረጋገጣል። በመጀመሪያው መስመር ደንግጦ ሮጦ የወጣ ሰው ምርመራውን አልጨረሰም ማለት ነው።

ፈጣኑ ምርመራ የሚፈልገው ሰውነት በቫይረሱ ላይ የሚያመርተውን ነገር ነው፣ ቫይረሱን ራሱን አይደለም። ይህን ለማምረት ሰውነት ሳምንታት ይፈጅበታል፤ እስከ ሦስት ወር ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ትናንት የተጋለጠ ሰው ዛሬ ተመርምሮ «ነጻ» ቢባል እርግጠኛ ሊሆን አይችልም። ከሦስት ወር በኋላ መድገም አለበት። የኒካሕ ወረቀት ላይ የሚፈጠረው ስህተት ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመነጫል።

በራስ የሚደረግ ምርመራም አለ። ትንሽ ዱላ የመሰለ ነገር በላይኛውና በታችኛው ድድ ላይ ይታሻል፣ ከዚያ ፈሳሽ ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ይቆማል፤ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይነበባል። ወደ ጤና ተቋም መሄድ ለሚያፍር ሰው ጥሩ በር ነው። ግን የመጨረሻ ውጤት አይደለም። ሁለት መስመር ካሳየ ጤና ተቋም ሄዶ በደም መረጋገጥ አለበት።

በረመዷን «ደም ብሰጥ ጾሜ ይፈርሳል ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ለምርመራ የምትወጣ ጥቂት ደም ጾምን አታፈርስም የሚለው የብዙኃኑ ዑለሞች አቋም ነው፤ ጥርጣሬ ያለበት ከኢፍጣር በኋላ ወይም ከረመዷን በፊት መመርመር ይችላል። ለሌላው ጊዜ የተተወ ምርመራ ግን ብዙውን ጊዜ ሳይደረግ ይቀራል።

ከኒካሕ በፊት ስለሚጠየቀው ወረቀት

ከኒካሕ በፊት መመርመር መልካም ነው። አንዳንድ ቦታ ግን ነገሩ መልኩን ስቶ ታይቷል። ወረቀት የሚጠየቀው ከልጅቱ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ወንዱ «እሱ ጤነኛ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ወይም ከስድስት ወር በፊት የተገኘ ወረቀት ይቀርባል። ወይም ሁለተኛ ሚስት ሊያገባ የመጣ ሰው ከአዲሲቱ ጋር ብቻ ይመረመርና ቤት ያለችው ሳትመረመር ትቀራለች። ሁለት ወይም ሦስት ሚስት ባለበት ቤት የአንዱ ሰው ውጤት የሁሉም ጉዳይ ነው። የሟች ወንድም ሚስት በሚወረስበት አካባቢም እንዲሁ፤ ሟቹ በምን እንደሞተ በትክክል የሚያውቅ ብዙ ጊዜ የለም፣ ስለዚህ ሁለቱም ሳይመረመሩ ኒካሕ ማሰር ሌላ ሞት መጋበዝ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ወረቀቱ በሽማግሌ ፊት መነበብ የለበትም። ሁለቱ ተጋቢዎች አብረው ይመርመሩ፣ ውጤቱን አብረው ይስሙ፣ ለኢማሙ «ተመርምረናል፣ ተነጋግረናል» ማለታቸው ይበቃል። ውጤቱ ፖዘቲቭ የሆነ ሰው ምስጢሩ በሠርግ ቤት ከተዘራ ሌላው ጎረቤቱ ሁሉ ይህን አይቶ ከምርመራ ይሸሻል። የሙስሊምን ገመና መሸፈን (ሰትር) በዲናችን ያለውን ቦታ አንባቢ ያውቀዋል። ምስጢር መጠበቅ ማለት ግን የወደፊት የትዳር ጓደኛን ማታለል ማለት አይደለም። የሚያገባ ሰው ሁኔታውን ለሚያገባው ሰው መናገር አለበት፤ አውቆ ደብቆ ማስተላለፍ በሸሪዓም በአገሪቱ የወንጀል ሕግም ያስጠይቃል።

ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሁለት ሰዎች ቢጋቡ፣ ወይም አንዱ ያለበት ሌላው የሌለበት ሆነው አውቀው ቢጋቡ፣ ዛሬ ባለው ሕክምና ልጅ ወልደው ማሳደግ ይችላሉ። ሽማግሌዎች ይህን ሳያውቁ ስንት ትዳር አፍርሰዋል!

መድኃኒቱ

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መድኃኒት የሚጀምረው የበሽታ መከላከያ አቅሙ በጣም የወረደ ሰው ነበር፤ ከ2009 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ግን ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ ወዲያው እንዲጀምር ነው መመሪያው። በአብዛኛው የሚሰጠው ሦስት መድኃኒት በአንድ እንክብል የያዘ፣ ዶሉቴግራቪር የሚባለው ያለበት፣ በቀን አንዴ የሚዋጥ ነው። ቀድሞ የነበረው ኤፋቪሬንዝ ያለበት እንክብል እንቅልፍ የሚያውክና ቅዠት የሚያመጣ ስለነበር ብዙ ሰው ያስታውሰዋል፤ «መድኃኒቱ ያሳብዳል» የሚለው ወሬ የቀረው ከዚያ ዘመን ነው።

መድኃኒቱ ቫይረሱን ከሰውነት ጠራርጎ አያወጣውም። እንዳይራባ ያስረዋል። ዕለት ዕለት ከተወሰደ በደም ውስጥ ያለው መጠን በወራት ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይወርዳል። ይህን የሚለካው የቫይራል ሎድ ምርመራ ነው። የቫይረሱ መጠን የማይታይበት ደረጃ ላይ የደረሰና መድኃኒቱን ያላቋረጠ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ይህ የተስፋ ቃል ብቻ አይደለም፤ በአውሮፓ አንዱ ብቻ ቫይረሱ ያለበት ጥንዶች ለዓመታት ተከታትለው ባደረጉት ጥናት አንድም ሰው ከታከመው አጋሩ አልተያዘም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም አቋሙን በዚህ ላይ አጽድቋል። ከተጠቀሰው የ2010 የከተሞች ጥናት ስንነሳ ደግሞ መድኃኒት ላይ ካሉት ሰዎች ከመቶ 87 የሚበልጡት ቫይረሳቸው ተገድቦ ተገኝቷል። ትልቁ ክፍተት የነበረው ካልተመረመሩት ዘንድ ነው፤ ከአምስት አንዱ ገደማ ቫይረሱ እንዳለበት አያውቅም ነበር።

ረመዷን ላይ ጥያቄ ይበዛል። በቀን አንዴ የሚወሰደው እንክብል በኢፍጣር ወይም በሱሑር ሰዓት ሊዋጥ ይችላል፤ ምግብ ቢኖርም ባይኖርም ይሠራል። ቀድሞ በጠዋት የሚወስድ የነበረ ሰው ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ሰዓቱን ያዛውራል፣ ከዚያ በዚያው ሰዓት ይጸናል። ጤናው የተረጋጋ ሰው መጾም ይችላል። አዲስ የጀመረ፣ የከሳ፣ ተቅማጥ የያዘው ወይም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አብሮ የሚወስድ ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ሪፋምፒሲን ያለበት የቲቢ መድኃኒት የዶሉቴግራቪርን ኃይል ስለሚቀንስ ዶሉቴግራቪር በቀን ሁለቴ መወሰድ አለበት። ለታመመ ሰው አላህ የሰጠው ሩኽሳ ለእንዲህ ያለው ነው፤ «መድኃኒቴን አቁሜ ልጹም» የሚለው ሰው ራሱን እየጎዳ ነው። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የደም ማነስ እንክብልና የጨጓራ ማስታገሻዎችም ከዶሉቴግራቪር ጋር ይጋጫሉ፤ አይረንና ካልሲየም ከምግብ ጋር አብረው ቢወሰዱ ችግር የለም፣ በባዶ ሆድ ከሆነ ግን የኤች አይ ቪው እንክብል ከሁለት ሰዓት በፊት ወይም ከስድስት ሰዓት በኋላ መዋጥ አለበት። የጨጓራ ማስታገሻውን ግን ምግብም ስለማያድነው ሁሌም ይህን ያህል ማራራቅ ነው። ይህን ጤና ባለሙያው ሳይናገር ቢያልፍ ጠይቁ።

ስለ ዱዓ፣ ስለ ሩቃ፣ ስለ ዘምዘምና ጥቁር አዝሙድም መናገር ይገባል። ማንም እነዚህን አትተዉ አይልም። ሕዝባችን በወዳጃ ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግ ሕዝብ ነው። ነገር ግን «ድነሃል፣ መድኃኒቱን ጣል» የሚል ሰው ከተነሳ እሱን የሚጠይቀው ዑለማእ መኖር አለበት። መድኃኒቱን ያቆመ ሰው ለጥቂት ወራት ደህና ይመስለዋል። ቫይረሱ ግን ከተደበቀበት ወጥቶ ይራባል፤ እየጀመሩ ማቆም ከተደጋገመ ደግሞ መድኃኒቱን የሚቋቋም ሆኖ ሊመለስ ይችላል።

እናትና ልጅ

ያለ ሕክምና ቫይረሱ ያለባት እናት ለልጇ የማስተላለፍ ዕድሏ ከመቶ 15 እስከ 45 ይደርሳል፤ በጊዜ ታውቆ መድኃኒት ከወሰደች ከመቶ 5 በታች ይወርዳል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር በመጀመሪያው ክትትሏ ትመርመር፣ ባሏም ይመርመር። ሕፃኑ ሲወለድ መከላከያ ሽሮፕ ይሰጠዋል፣ በስድስት ሳምንቱ ገደማ ደሙ ይመረመራል። ጡት ማጥባትን በተመለከተ ለስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ ከምግብ ጋር መቀጠል ይቻላል፤ እናት መድኃኒቷን በትክክል እስከወሰደች ድረስ ዓለም አቀፉ መመሪያ እስከ ሁለት ዓመት ማጥባትን ይፈቅዳል። ሁለት ዓመት ማጥባት በኛ ዘንድም የታወቀ ልክ ነው። በገጠር ቤቷ የምትወልድ ሴት ይህ ሁሉ ያልፋታል፤ የገጠሩ ትልቁ ቀዳዳ እዚህ ላይ ነው።

ጉዳት መቀነስ በእኛ አገር ምን ማለት ነው?

«ጉዳት መቀነስ» የሚባለው አሠራር በዓለም ላይ በብዛት የሚነሳው በመርፌ አደንዛዥ ዕፅ ስለሚወስዱ ሰዎች ነው። በማሌዥያ ኳላ ላምፑር በአር ራሕማን መስጂድ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ሱሰኞች ሜታዶን የሚባለውን ምትክ መድኃኒት በመስጂዱ እንዲያገኙ ተደርጓል። መነሻው በፊቅህ የታወቀው መርህ ነው፦ ሁለት ጉዳት ሲጋጠሙ ቀለል ያለውን ታግሦ ከባዱን መከላከል። ከሚሴ ላይ የመርፌው ነገር ዋናው ጉዳይ አይደለም። መርሁ ግን ይሠራል።

የመጀመሪያው ምላጭ ነው። ዋግምት (ሒጃማ) ሱና ነው ብለው የሚያሠሩ ብዙ ናቸው፤ እንጥል ማስቆረጥና ባህላዊ ግርዘትም በገጠር አሉ። አንድ ምላጭ ለሁለት ሰው ከዋለ ኤች አይ ቪም፣ ከሱ ይልቅ በቀላሉ የሚተላለፈው የጉበት ቫይረስም ይተላለፋል። ለእያንዳንዱ ሰው ወረቀቱ በፊቱ የሚቀደድ አዲስ ምላጭ፣ ለሚያግመው ሰው ጓንት፤ ቀንዱ ወይም ብርጭቆው ደግሞ ለሌላ ሰው ከመዋሉ በፊት በበረኪና ወይም በሚፈላ ውሃ ይጽዳ። ዋጋው ከአንድ ስኒ ቡና አይበልጥም። የእንጥል ቁርጡ ግን ለማንም የማይጠቅም ስለሆነ እስከነጭራሹ ቢቀር ይሻላል።

ሁለተኛው ጫት ነው። ጫት መቃም ቫይረስ አያስተላልፍም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ፣ ከ20 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ባካተተ ጥናት በየቀኑ ጫት የሚቅሙና አልኮል የሚጠጡ ወጣቶች ጥንቃቄ የጎደለው ግንኙነት የማድረግ ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በርጫው በዱዓ ከጀመረ በኋላ በምን እንደሚያልቅ፣ በተለይ ከ«ጨብሲ» በኋላ፣ ወጣቶቹ ራሳቸው ያውቁታል።

ሦስተኛውና አከራካሪው ኮንዶም ነው። ዑለሞቻችን «ኮንዶም ለዚና ፈቃድ ነው» ብለው ይሰጋሉ፤ ስጋታቸውም መሠረት አለው። ግን ሁለት ጉዳይ መለየት አለበት። አንዱ ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት ባልና ሚስት በትዳራቸው ውስጥ ኮንዶም ሲጠቀሙ ጉዳዩ ሐላል ውስጥ ነው፤ ዑለሞች ስለ ዐዝል የተናገሩት ለዚህ መነሻ ይሆናል። በመንገድ ዳር ከተማ ላይ ያለች ሴተኛ አዳሪና ከወደብ የሚመጣ ሾፌር ጉዳይ ሌላ ነው። ለነሱ ኮንዶምና ምርመራ ማቅረብ የጤና ቢሮው ሥራ ነው፤ መስጂድ ይህን ማስተዋወቅ አይጠበቅበትም፣ ማገድም የለበትም። የዚያ ሾፌር ሚስት ከሚሴ ወይም ባቲ ቤቷ ተቀምጣ ልጅ ታጠባለችና።

በኡጋንዳ ይህ ክርክር ቀድሞን ተካሂዷል። እ.ኤ.አ. በ1988 የተቋቋመው የኡጋንዳ እስላማዊ ሕክምና ማኅበር ከ1992 ጀምሮ ኢማሞችን አሠልጥኖ በመስጂዶች በኩል ትምህርት ሲያስፋፋ ኮንዶምን መጀመሪያ ሳያነሳ ቆየ፤ ከኢማሞቹ ጋር ረጅም ውይይት ከተደረገ በኋላ ግን መታቀብና መታመን ላልተቻለበት ሁኔታ እንደ መጨረሻ አማራጭ እንዲነገር ተስማሙ። የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1998 በአርአያነት አሳትሞታል። በዚህ መንገድ የተጀመረው የሙስሊም መሪዎች ዓለም አቀፍ ምክክር በካምፓላና በኳላ ላምፑር ከተካሄደ በኋላ ሦስተኛው በሐምሌ 1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተደርጓል። ከዚያ ጉባኤ ወደ ገጠር መስጂዶች የደረሰው ምን ያህል ነው የሚለውን እያንዳንዱ ጀማዓ ለራሱ ይመልስ።

ከነዚህ በተጨማሪ ሁለት መድኃኒታዊ መከላከያዎች አሉ። አንደኛው ከመጋለጥ በፊት በየቀኑ የሚወሰድ እንክብል ሲሆን በኢትዮጵያ የሚሰጠው በተለይ ለሴተኛ አዳሪዎችና አጋሩ ቫይረሱ ላለበት ነጻ ሰው ነው። ሁለተኛው ከተጋለጡ በኋላ የሚወሰደው ነው፦ የተደፈረች ሴት፣ በመርፌ የተወጋ ጤና ባለሙያ። ይህ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ መጠን ይሻላል፣ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ከሦስት ቀን በኋላ አይሠራም። የተደፈረችን ልጅ ጉዳይ ሽማግሌ ተቀምጦ እስኪጨርስ ሦስቱ ቀን ያልፋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ሽምግልናውም ክሱም ከዚያ በኋላ።

ግርዘትን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ። በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተደረጉ ጥናቶች የወንድ ግርዘት ከሴት ወደ ወንድ የሚደረገውን መተላለፍ በ60 ከመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ይህ ለኛ ኒዕማ ነው። ግን 60 ማለት 100 አይደለም፤ ለሚስቲቱም ጥበቃ አይሆንም።

የባሕሩ ማዶ

ከዚህ ዞን ወደ ሳዑዲና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤ አገሮች ያልሄደ ወይም ዘመድ ያላከ ቤት ጥቂት ነው። በሕጋዊ መንገድ የምትሄድ ልጅ ከቪዛ በፊት የኤች አይ ቪ ምርመራ ይደረግላታል፤ እዚያም ኢቃማ ሲወጣ ይደገማል፣ ፖዘቲቭ ከሆነች ትመለሳለች። የዚህ ምርመራ ጉድለት ዓላማው ማጣራት ብቻ መሆኑ ነው። «አንፊት» ተብላ የተመለሰች ልጅ ምክንያቱ በደንብ ሳይነገራት፣ ምክር ሳታገኝ፣ አፍራ ቤቷ ልትቀመጥ ትችላለች። ቤተሰብ «አንፊት» የሚለውን ቃል ሲሰማ መጠየቅ ያለበት «ጤና ጣቢያ ሄደሽ አረጋገጥሽ ወይ?» ብሎ ነው፤ ቃሉ ኤች አይ ቪን ብቻ አያመለክትም፣ የሳንባ ወይም የጉበት ችግርም ሊሆን ይችላል።

በሕገ ወጥ መንገድ፣ በአፋር በረሃ ወደ ኦቦክ ወርደው በየመን በኩል የሚሻገሩት ደግሞ ሌላ ፈተና አለባቸው። በደላላና በአጋች እጅ የሚደርስባቸውን መደፈር ተመልሰው ለቤተሰብ አይናገሩም። የተመለሰች ልጅ «ምን አመጣሽ?» ከመባሏ በፊት ሰላም ያለ ምርመራ የምታገኝበት መንገድ ቢኖር፣ እናት ወይም አክስት አብራ ብትሄድ፣ ብዙ ነገር ይድናል። ከስደት የተመለሱ ወንዶችም እንዲሁ መመርመር አለባቸው፤ ስለነሱ ግን የሚጠይቅ የለም።

መስጂድ፣ ቅሬና ጀናዛ

የሚያሳዝነው መገለል ከሞት በኋላም መቀጠሉ ነው። በኤድስ ሞተ የተባለን ሰው ለማጠብ የሚፈሩ ሰዎች ነበሩ፣ አሁንም አይጠፉም። ጀናዛ የሚያጥብ ሰው ጓንት ቢያደርግ፣ ቁስል ካለበት ቢሸፍን፣ ሲጨርስ እጁን በሳሙና ቢታጠብ በቂ ነው። ይህ ደግሞ ለማንኛውም ጀናዛ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው፤ ለአንዱ ብቻ ጓንት ሲደረግ ነው ስም የሚወጣው። አብሮ መብላት፣ በአንድ ማሰሮ ውዱእ ማድረግ፣ በአንድ ሶፍ መቆም አያስተላልፍም።

ቅሬ ደግሞ ገንዘብና ጉልበት ያለው ተቋም ነው። ለመቅበር የሚዋጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለመድኃኒት ክትትል ከገጠር ለሚመላለስ ድሃ ሰው የመኪና ቢከፈልበት የሚቃወም አይኖርም። ሲደረግ ግን የሰውየው ሕመም በስብሰባ ላይ ሳይጠራ፣ «ለታመመ አባል» ተብሎ ብቻ መሆን አለበት። መልእክቱም በአማርኛ ብቻ አይሁን። በዞኑ የሚነገረው በአብዛኛው አፋን ኦሮሞ ነው፤ ባቲ ላይ አፋርኛም ያስፈልጋል።

ጦርነትና የእርዳታ መቋረጥ

በጥቅምት መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ከሚሴ ሲደርስ አካባቢው ለአንድ ወር ያህል በተዋጊዎች እጅ ቆየ። በክልሉ በርካታ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ መድኃኒት ላይ የነበሩ ሰዎች ተበተኑ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭትም መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮን ያስቀራል። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን በድንገት ስታቆም በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ ጤና ሚኒስቴር አሳወቀ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ በኤች አይ ቪ ክትትል ላይ የነበሩ ናቸው። ቀጠሮ ያሳለፈ ሰውን ስልክ ደውሎ፣ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚፈልገው ይህ ሠራተኛ ነበር።

ስለዚህ ክትትል ላይ ያለ ሰው የሚከተለውን ይያዝ። ጤናው የተረጋጋ ሰው በአንድ ጊዜ የስድስት ወር መድኃኒት ሊሰጠው የሚችልበት አሠራር አለ፤ ሐኪሙ ካላነሳው ራሱ ይጠይቅ። የክትትል ካርዱን ፎቶ በስልኩ ያኑር፤ ስልክ የሌለው የመድኃኒቱን ስም በወረቀት አስጽፎ ይያዝ። ከቤት መውጣት ግድ ከሆነ ብልቃጡን ከነጽሑፉ ይዞ ይውጣ፤ በሄደበት ከተማ ያለው የኤአርቲ ክሊኒክ ምን ይወስድ እንደነበር ያውቃል። መድኃኒት ያለቀበት ሰው ከጎረቤት ተበድሮ ቀን በቀን እያፈራረቀ አይዋጥ። አንድ ወርም ሆነ አንድ ዓመት ያቋረጠ ሰው ደግሞ «ይቆጡኛል» ብሎ አይቅር፤ ተመልሶ ሲሄድ የቫይረሱን መጠን መርምረው ያስቀጥሉታል።